የሞተሬ ፊት ለምን ይሰግዳል?

ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ሰዎች ምን እንደማወራ ይገባችኋል። ላይ ብርድና ጉም ነው፤ ታች ሙቀትና አባያ ሐይቅ። መሀሉ ኩርባ በኩርባ የሆነ ቁልቁለት ነው።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ጨንቻ የምታስተምረውን ታናሽ እህቴን አፈናጥጬ እየወረድኩ ነበር። አስፋልት ያልነካው ክፍል ላይ አንዷን ኩርባ ስዞር ፍየሎች መንገዱን ሞልተውታል። የፊት ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ አፍንጫው መሬት ሊነካ እስኪመስል ድረስ ሰገደ። ከታች «ጧ!» የሚል የብረት ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው መሪው ቀለለብኝ፤ የፊት ጎማው ጠጠሩ ላይ እየዘለለ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄደ።

ፍየሎቹ አልተነኩም፤ እኛም አልወደቅንም። ስንቆም ግን በጎማውና በገደሉ መካከል የቀረው አንድ እርምጃ ነበር። እህቴ ወረደች፣ ሄልሜቷን አወለቀች፣ ገደሉን አየችው።

«ከዛሬ በኋላ በሚኒባስ ነው የምሄደው» አለች።

አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ አርብ በኋላ ባሉት ወራት የሞተሬን የፊት ሾክ ለማስተካከል ስል የተማርኩትን ለማካፈል ነው። ገንዘብም ጊዜም አባክኛለሁ። እናንተ የምትነዱት አፓቼም ይሁን ቦክሰር፣ ዲቲም ይሁን ትልቅ ሞተር፣ ነገሩ ያው ነው፤ ሁሉም ፊት ላይ ሁለት ቱቦ፣ ውስጡ ስፕሪንግ፣ ውስጡ ዘይት አለ።

ትልቅ ሞተር፣ ለስላሳ ጉልበት

ሞተሬ ካዋሳኪ ኬ ኤል አር 650 ነው። ዓለምን በሞተር የሚዞሩ ሰዎች ሲነዱት በዩቲዩብ ሳታዩት አትቀሩም። ሞዴሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ የእኔ በ2008 ተሻሽሎ እስከ 2018 ከተመረተው ከሁለተኛው ትውልድ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 651 ሲሲ፣ 23 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሰልባትዮ፣ ነዳጁ ሞልቶ ወደ 200 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት። አዲስ አበባ ላይ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በ2011 ዓ.ም. በፈቃድ ከተገደበ በኋላ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ የቀረበት ሰው አግኝቼ ነው የገዛሁት።

ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይበላሽም፤ ዳገት አይፈራም። ፊቱ ግን ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ለስላሳ ነው። ፎርኩ፣ ማለትም እኛ የፊት ሾክ የምንለው፣ የቱቦው ውፍረት 41 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት 200 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀቱ በቂ ነው። ችግሩ ርቀቱን በምን ላይ እንደሚያጠፋው ነው፤ እሱን ግን ያኔ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት

በማግስቱ ሞተሩን ይዤ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ወጣት ነው፤ የፊቱን መሪ ይዞ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና «ዘይቱ ቀጥኗል፤ ወፍራም እናድርግበት» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። የፎርክ ዘይት ስላልነበረው 20 ደብሊው 50 የሞተር ዘይት ሞላበት። ስንወጣ ጫን አደረግኩት፤ እውነትም ጠንክሯል። ከፈልኩ፤ አመሰገንኩ።

ከተማ ውስጥ አሪፍ ነበር። ስፒድ ብሬከር ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይነሳል። ወደ ጨንቻ ስወጣ ግን ጉዱ ፈላ። መኪና ደጋግሞ ያሸበሸበው፣ እንደ ቆርቆሮ የተወጣጠረ የጠጠር መንገድ ታውቃላችሁ አይደል? እሱ ላይ ስገባ የፊቱ ጎማ መጀመሪያ መደንበር ጀመረ፤ ከዚያ ፎርኩ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ታች ላይ ደርቆ ቀረ። እጄ ደነዘዘ። ጨንቻ አድሬ በማለዳው ብርድ ስነሳ ደግሞ የፊቱ ሾክ እንጨት ሆኗል።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የመርፌ ሲሪንጅ ወስዳችሁ ውኃ ሙሉበትና ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ ያለ ችግር ይወጣል። በኃይል ግፉት፤ እምቢ ይላል። ቀዳዳው ያው ነው፤ ውኃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው። አሁን በውኃው ፋንታ ማር አድርጉበት። ቀስ ብላችሁ ስትገፉ ትንሽ ይከብዳል፤ በኃይል ስትገፉ ፈጽሞ አይነቃነቅም።

የእኔ ዓይነት ቀላል ፎርክ የሚሠራው ልክ እንደዚህ ሲሪንጅ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት መጠናቸው በማይለወጥ ቀዳዳዎች ነው የሚያልፈው። ፍሬን ስንይዝ ፎርኩ የሚወርደው በአንጻሩ ቀስ ብሎ ስለሆነ ዘይቱ ብዙም አይቋቋምም፤ ሞተሩ ይሰግዳል። ድንጋይ ስንመታ ግን ጎማው በአንድ አፍታ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ያኔ ዘይቱ ቀዳዳው ላይ ተጨናንቆ ያግዳል፤ ምቱ በቀጥታ ወደ እጃችን ይመጣል። ማለትም መጠንከር ባለበት ቦታ ይለሰልሳል፣ መለስለስ ባለበት ቦታ ይጠነክራል። ወፍራም ዘይት የመጀመሪያውን በትንሹ ያሻሽልና ሁለተኛውን ያባብሰዋል። ከዚያም በላይ፣ ፎርኩ ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ሦስተኛው ይደገማል። ያ ነው ታች ደርቆ የቀረው።

«ሳትለካ አትፍታ»

ሁለተኛው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ለረጅም ዓመታት የመሥሪያ ቤት ያማሃዎችን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። ታሪኬን በሙሉ ሰምተው ሲያበቁ ቁልፍ አላነሱም።

«ሜትር አለህ?» አሉኝ።

«የምን ሜትር ጋሼ?»

«የልብስ ሰፊም ይሁን የአናጢ። ሳትለካ አትፍታ።»

መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር አዩ። የፊት ጎማው አየር መመሪያው ላይ ካለው በጣም በላይ ነበር፤ እኔ ጎማ ቤት በሄድኩ ቁጥር «ጠንከር አድርገው» ስለምል። አስተነፈሱት። ከዚያ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንስተው መሪውን ወደ ግራና ቀኝ አዞሩ፤ መሀል ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። የእኔ ደህና ነው። የፎርኩን ሁለት እግሮች ከታች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቁ። በመጨረሻ ቱቦውን በነጭ ጨርቅ ጠረጉት፤ የቀኙ ላይ ዘይት ወጣ። ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ያንጠባጥብ ነበር። «ይሄ ዘይት ዲስኩ ላይ ቢደርስ ፍሬን የለህም» አሉኝ። ለካ እኔ ስለ መስገድ ስጨነቅ ከዚያ የባሰ ነገር በቀኝ እግሩ ይወርድ ነበር።

ቀጥሎ ልኬቱ። ይህን እናንተም ዛሬ ማታ በራሳችሁ ሞተር መሞከር ትችላላችሁ፤ ሁለት ጓደኛና አንድ ሜትር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የፊት ጎማው አየር ላይ ሳለ፣ ከአቧራ መከላከያው ጎማ እስከ ላይኛው ማቀፊያ ድረስ የሚታየውን ቱቦ ለካን፤ 230 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ሞተሩን አወረድነው፤ እኔ ጃኬቴንና ሄልሜቴን ለብሼ ተቀመጥኩ፤ አንድ ልጅ ከኋላ ሚዛን ጠበቀልኝ። ጋሼ ፊቱን ወደ ታች ጫን አድርገው ቀስ ብለው ለቀቁት፤ 138። ቀጥሎ ወደ ላይ አንስተው ቀስ ብለው ለቀቁት፤ 144። ሁለቱ ልኬቶች የሚለያዩት ጎማዎቹ ቱቦውን ስለሚይዙት ነው፤ አማካዩን ነው የምንወስደው፤ 141። ከ230 ላይ 141 ሲቀነስ 89።

«ካለህ 200 ውስጥ 89ኙን ገና ስትቀመጥ በላኸው» አሉ ጋሼ።

ልኩ ስንት ነው? እንዲህ ላለው ሞተር ነጂው ሲቀመጥበት ፎርኩ ካለው ርቀት አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢወርድ ጥሩ ነው ይባላል፤ ለእኔ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ጨርሶ ባይወርድም ጥሩ አይደለም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን መከተል አለበት። ሰው ከኋላ ጨምረን ስንለካ ደግሞ 102 ሆነ። ግማሹ አለቀ። ከእህቴ ጋር ያንን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑን፣ ድንጋዩን፣ ፍየሎቹን፣ ሁሉንም የምቀበለው በቀረችኝ ግማሽ ነበር ማለት ነው።

መሪው የቀለለብኝም ምክንያት እዚያው ውስጥ ነው። ፊቱ ሲሰግድ የፎርኩ ማዕዘን ይቀየራል፤ ቱቦዎቹ ይበልጥ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ያኔ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መረጋጋት ይቀንሳል፤ መሪው ቶሎ ይዞራል፣ ይደነብራል። ፎርኩ መጨረሻው ላይ «ጧ» ሲል ደግሞ ሾክ የሚባል ነገር የለም፤ ጎማው ጠጠር ላይ ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ አይታጠፍምም። የፊት ሾክ ዋና ሥራው ለካ ምቾት አይደለም፤ ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆየት ነው።

ወርቃማው ፎርክና የአክስቴ ልጅ ሻንጣ

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ ወዲያው ስልኩን አወጣና ወርቃማ፣ የተገለበጠ ፎርክ የገጠመ ሞተር ቪዲዮ አሳየኝ። «ይህን ግጠምና ተገላገል!» እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወደዚያው ነበር። ያምራል! ግን ያ ፎርክ ከሌላ ሞተር ተነቅሎ እንዲገጠም የመሪው ማቀፊያ፣ የጎማው አክስል፣ የፍሬኑ መያዣ ሁሉ መቀየር ወይም መቀረጽ አለበት። ይህ ሁሉ ወጥቶበት ደግሞ ፎርኩ የመጣው ከቀላል ሞተር ከሆነ ስፕሪንጉ ለእኔ ሞተር ያው ለስላሳ ነው። ወርቅ ቀለም ቢቀባም ይሰግዳል።

ጋሼ ያዘዙት ሌላ ነው። «አንተን የሚችል ስፕሪንግ ፈልግ። ሌላው ይቆይ።»

ስፕሪንግ የሚሠሩ ኩባንያዎች በሞተሩ ዓይነትና በነጂው ክብደት ነው የሚመርጡላችሁ። እኔ ልብስና ሄልሜት ጨምሬ ክብደቴን ሰጠሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንደማፈናጥጥም አሰብኩበት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ እየተጨመቀ ሲሄድ የሚጠነክር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን የሚገፋ ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የእኔ ችግር መጀመሪያው ላይ መለስለሱ ስለሆነ ነው።

ዋጋው ጥንዱ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 100 ዶላር ስንት ብር እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ለሦስት ወር አጠራቀምኩ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለገና ሲመጣ ስፕሪንጎቹን፣ ኦይል ሲሎቹን፣ ሁለት ሊትር የፎርክ ዘይትና አንድ ትንሽ ሣጥን በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። አክስቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም፤ ለዚያ ብረት ሲባል የእሷ ሁለት ጥንድ ጫማ እዚያው ቀርቷል።

ትንሿ ሣጥን ውስጥ ያለውን በኋላ እነግራችኋለሁ። ጋሼ አይተዋት መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት። «ሁሉንም በአንድ ቀን ከቀየርክ የትኛው እንዳዳነህ፣ የትኛው እንደጎዳህ አታውቅም።»

ስንከፍተው

ሞተሩን ከሥሩ በክሪክ አነሳነው። የፎርኩን ክዳን የምንፈታው ቱቦው ገና በማቀፊያው ተይዞ ሳለ ነው፤ ግን የላይኛውን ማቀፊያ ቡሎን አስቀድመን አላላነው፤ ያለዚያ ክዳኑ ይጨናነቃል። ክዳኑ ሥር ያለው ስፕሪንግ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ በእጅ ጫን ብሎ መያዝ ግድ ነው። ፊታችሁን ከላዩ አታድርጉ። ክዳን ተወርውሮ ጥርስ የሰበረበትን ሰው ጋሼ ያውቃሉ።

ያ የሞተር ዘይት ሲወጣ ጥቁር ሆኖ፣ ብረት ብረት እየሸተተ ወጣ። ቱቦዎቹን አጠብናቸው፤ ሲሎቹን ቀየርን። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ሲል ሁሉ የሚያንጠባጥበው ስላረጀ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጭቃና አሸዋ ከንፈሩ ሥር ገብቶ ነው። ከሃይላንድ ፕላስቲክ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ ጫፉን መንጠቆ አስመስላችሁ፣ በቱቦውና በጎማው መካከል አስገብታችሁ ዙሪያውን ብታዞሩት ቆሻሻው ይወጣል። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ፤ ካልቆመ ነው መግዛት።

አዲሱን ዘይት ሞላን። የዘይቱ ልክ የሚለካው በሊትር ብቻ አይደለም። ስፕሪንጉ ወጥቶ፣ ፎርኩ እስከ መጨረሻ ተጨምቆ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ነው የሚለካው። በዚያ ባዶ ቦታ የታፈነው አየር ራሱ እንደ ስፕሪንግ ይሠራል፤ ዘይቱ ከፍ ሲል አየሩ ያንሳል፣ ፎርኩም ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ይበልጥ ይጠነክራል። ሁለቱ እግሮች እኩል መሆን አለባቸው። ዘይት ስትገዙ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ የአንዱ ኩባንያ 10 ቁጥር ከሌላው 10 ቁጥር ሊቀጥን ወይም ሊወፍር ይችላል።

አዲሶቹ ስፕሪንጎች ከአሮጌዎቹ ጋር በርዝመት ስለማይገጥሙ በስፕሪንጉና በክዳኑ መካከል የሚገባ ቱቦ ያስፈልጋል። ያንን የሠራነው ከውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፤ ከላይና ከታች ሮንዴላ አደረግንበት። ረዘም አድርገን ቆረጥነውና ለካን፤ ፊቱ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል። አሳጠርነው፤ ለካን። በሦስተኛው 64 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። ሰው ሲጨመር 74።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልኝ። ያንን ቱቦ ማስረዘም ስፕሪንጉን አያጠነክረውም። ብዙ ሰው ተሳስቶ እንደዚያ ያስባል። ቱቦው የሚወስነው ሞተሩ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው። ለስላሳ ስፕሪንግ የቱንም ያህል ብትጨምቁት ያው ለስላሳ ነው።

ትንሿ ሣጥን

ለአንድ ወር ብቻዬን ነዳሁት። ፍሬን ስይዝ ከእንግዲህ ራሱን አይጥልም። በቱቦው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩ፤ ፎርኩ ሲወርድ ማሰሪያውን እየገፋ ይወስደዋል፣ ሲመለስ እዚያው ይተወዋል፤ ስትቆሙ እስከየት እንደወረደ ታያላችሁ። መጨረሻውን የነካበት ቀን አልነበረም።

ቆርቆሮው መንገድ ላይ ግን እጄ አሁንም ይደነዝዝ ነበር። ስፕሪንግ የክብደትን ችግር ይፈታል፤ የቀዳዳውን ችግር አይፈታም።

ትንሿ ሣጥን ውስጥ የነበረው ኢሙሌተር የሚባል ነገር ነው፤ ሬስ ቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው። የአውራ ጣት ያህል ቫልቭ ነው። ከስፕሪንጉ ሥር ይቀመጣል፤ ሲጨመቅ ዘይቱ በእሱ በኩል ያልፋል። ቀስ ብሎ ሲመጣበት በትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ፍሬን ስትይዙ ይቋቋማል። ድንጋይ ሲመታና ግፊቱ በድንገት ሲጨምር ግን በስፕሪንግ የተያዘችው በሩ ብድግ ትላለች፤ ዘይቱ በነፃ ያልፋል። የሲሪንጁ ችግር ተፈታ ማለት ነው፤ በግፊት የሚከፈት ቀዳዳ ተገኘ።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ግን አለ። ቫልቩ ሥራውን እንዲሠራ ከሥሩ ያለው የድሮው ዘንግ መንገዱን መልቀቅ አለበት፤ የታች ቀዳዳዎቹ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይሰፋሉ። ከተበሳ በኋላ መመለሻ የለውም። ከላይ በኩል ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ጨርሶ አትነካም፤ ፎርኩ ሲመለስ የሚቆጣጠረው በእሷ ነው። ጋሼ ሁለት ጊዜ ምልክት አደረጉ፣ ሁለት ጊዜ መመሪያውን አስነበቡኝ፣ ከዚያ በሱት። የብረት ብናኙን በቤንዚን አጥበን ጫፉን በሞረድ አለሰለስነው፤ አንድ ብናኝ ቢቀር ሲሉን ይበላዋል። ቫልቩ ቁመት ስለጨመረ የፕላስቲኩን ቱቦ በዚያው ልክ አሳጠርነው። ስፕሪንጉ አሁን በኃይል ስለሚመልስ ዘይቱን ወደ 15 ቁጥር ከፍ አደረግነው።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። የቫልቩን ስፕሪንግ አጥብቀነው ስለነበር በሩ በጊዜ አልተከፈተችም፤ ቆርቆሮው ላይ ያው መንቀጥቀጥ ነበር። ክዳኑን ፈትተን፣ ስፕሪንጉን አውጥተን፣ ቫልቩን በሽቦ አጥምደን አወጣነውና አንድ ዙር አላላነው። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ሄድኩበት። መንገዱን እንደ ድሮው በእጄ አላነበብኩትም፤ ከሥሬ ሲያልፍ ብቻ ሰማሁት።

ድንቹና እህቴ

እህቴን ከመጠየቄ በፊት ከጨንቻ ገበያ አንድ ጆንያ ድንች ገዛሁ፤ 60 ኪሎ። ከኋላ አሰርኩት፤ የኋላውን ሾክ ማስተካከያ ለጭነት ወደሚሆነው አዞርኩት። ይህን አትርሱ፤ ፊቱን አጠንክራችሁ ኋላውን ከተዋችሁት ሞተሩ ኋላው ላይ ይቀመጥና ፊቱ ይቀልላል። ቁልቁለቱን ወረድኩ። ያችው ኩርባ ላይ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይቼ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ፊቱ ወረደ፤ ተቋቋመ፤ ቆመ። ማሰሪያውን አየሁት፤ 40 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል።

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የሚሆነው ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል። መጀመሪያ በነፃ የሚሆነውን፤ የጎማ አየር፣ የሲል ጽዳት፣ የመሪ ኩሽኔታ፣ የቡሎን መላላት። ቀጥሎ በሜትር መለካት። ከዚያ በፋብሪካው የታዘዘ ንጹሕ የፎርክ ዘይት በትክክለኛው ልክ። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች እዚህ ላይ ይስተካከላሉ፤ አንድ ብር ሳትጨምሩ ማቆም ትችላላችሁ። ልኬቱ አሁንም ከሲሶው በጣም የሚበልጥ ከሆነ ለክብደታችሁ የሚሆን ስፕሪንግ። ቫልቭ ከዚያ በኋላ ነው። ወርቃማው ፎርክ መጨረሻ ነው፤ ለአብዛኞቻችን ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ስለጀመርኩ ነው በሞተር ዘይት የከሰርኩት። መሰርሰሪያ የሚነካ ሥራ ላይ ስትደርሱ ደግሞ በዩቲዩብ ብቻ አትተማመኑ፤ የሠራ እጅ ፈልጉ።

እህቴ ለረጅም ጊዜ በሚኒባስ ተመላለሰች። እኔም አልጨቀጨቅኳትም። አንድ አርብ ግን ደወለች፤ መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ቆማ መኪና አላገኘችም። ሄድኩ። ሞተሩን ዞር ብላ አየችው።

«ምንም አልተለወጠም እኮ» አለች።

«ውስጡ ነው» አልኳት።

«ከድንቹ በኋላ ሦስተኛ ተሳፋሪ ነኝ ማለት ነው?»

«ሁለተኛ።»

ስንነሳ ጃኬቴን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ ጨርቁ ጎኔ ላይ ሲጠብቅ ይሰማኛል። ያችን ኩርባ ስናልፍ የባሰ ጠበቀ። ፍሬኑን ቀስ ብዬ ያዝኩ፤ ፊቱ ትንሽ ዝቅ አለና እዚያው ቆየ። ቆርቆሮው ላይ ገባን፤ ወጣን። ሐይቁ መታየት ሲጀምር ጃኬቴ ላልቶ እንደነበር ልብ አልኩ፤ መቼ እንደለቀቀችው አላወቅሁም።

ቤት ስንደርስ ሄልሜቷን ሰጠችኝና ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ላይ ቆማ ዞር አለች።

«ለሚቀጥለው አርብ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»